ያውቁ ኖሯል? ሰርቨሩን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሚነካው ማነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የጅምላ መደብር ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ሰርቨር አውቃለሁ። አቧራ እንዳይገባው አሮጌ ነጠላ ለብሷል፤ ነጠላው ላይ «አይነካ!» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ነጠላው የአየር መውጫውን ደፍኖ እያፈነው እንደሆነ ለባለቤቱ ብነግራቸው «አብሽር ልጄ፣ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የኖረው» አሉኝ። ወረቀቱ የሚያስቆመው ግን የሰው እጅን ብቻ ነው። በየቀኑ ከባሕር ማዶ እየመጣ ያንን ማሽን የሚነካካ ሌላ እንግዳ አለ፤ አፕዴት ይባላል። አንዳንዴ ሌባ የሚመልስ ዘበኛ ነው፤ አንዳንዴ በሩን የሚሰብረው ራሱ ዘበኛው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲጫን፣ የደህንነት አፕዴቶችን ማንም ሳያዘው በየቀኑ አውርዶ እንዲጭን ተደርጎ ነው የሚመጣው። የሚጭንበት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 6:00 ነው። የዓለም ሰርቨር ሁሉ በአንዲት ደቂቃ ተነሥቶ ማውረጃውን እንዳያጨናንቀው፣ እያንዳንዱ ማሽን ዕጣ እንደወጣለት እስከ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ 6:00 ማለት ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ሠራተኛ ሳይገባ። ነገር ግን ሲጫን የሰዓት ቀጣናውን ካላስተካከሉለት ሰርቨሩ የሚኖረው በግሪንዊች ሰዓት ነው። የግሪንዊች 6:00 ደግሞ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ገለጥ ሲል፣ ኮምቦልቻ ላይ ወረፋው ሲረዝም፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የዕለቱን ሦስተኛ ደረሰኝ ስታስገባ፣ አፕዴቱ ዳታቤዙን የሚነካ ከሆነ ዳታቤዙ ለጥቂት ሴኮንድ ተዘግቶ ይከፈታል። ከመስኮቱ ወዲያ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «ሲስተም የለም።»

«ሲስተም የለም» በሁለት ቃል አራት በሽታ ይጠራል። መብራት ሄዷል፣ መስመር ተቋርጧል፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወይም ማሽኑ አፕዴት ላይ ነው። አራተኛውን ሲጠረጥሩ ሰዓትዎን ይመልከቱ።

ይህንስ ያውቁ ኖሯል? አፕዴቱን የሚጭነው የኡቡንቱ ፕሮግራም ከጫነ በኋላ ማሽኑን ራሱ አጥፍቶ አያስነሣም፤ ካላዘዙት በቀር። የሊኑክስ ልብ የሆነው ከርነል ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ካልተነሣ አዲሱ ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ «አፕዴት ሆኗል» የሚል ሰርቨር በአሮጌው ከርነል ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው፣ የተለበሰው ግን አሮጌው ነው። «ሰርቨሬ 400 ቀን አልጠፋም» ብሎ የሚኮራ ባለሙያ ካጋጠመዎት፣ የሚኮራበት ነገር 400 ቀን ያልተለበሰ ልብስ መሆኑን በትሕትና ይንገሩት።

እንዲነሣ የሚያዙትም ቢሆኑ ሰዓቱን ራሳቸው መጻፍ አለባቸው። መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ 02:00 ይላሉ፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። አንድ የማውቀው ልጅ «ከሌሊቱ 8» የሚለውን በልቡ ይዞ 08:00 ብሎ ጻፈው። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሰርቨሩ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲያውም ዕድለኛ ነው፤ ማሽኑ በግሪንዊች ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ጢም ብሎ ሳለ ነበር። በሁለት ሰዓት አቆጣጠር ለምንኖር ሰዎች በጣት መቁጠር አያሳፍርም።

በኮምፒውተሮች የሰዓት ቀጣና መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ የራሷ መስመር የላትም፤ ስሟ ተጽፎ ወደ ናይሮቢ ይመራል። ደሴ ያለ ሰርቨር ሰዓቱን ሲጠየቅ የሚመልሰው የናይሮቢን ነው። ልዩነት የለውም፣ ግን ይገርማል።

አሁን ወደ ትልልቆቹ እንሂድ። የካቲት 29 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በእኛ ከጠዋቱ 3:03 ላይ፣ ዳታዶግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ማሽኖቹ ላይ ኔትወርክ አጣ። ሥራው የሌሎች ኩባንያዎችን ሰርቨር መከታተል ነው፤ የሰው ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ ራሱ ተኛ ማለት ነው። ጠላት አልነበረም። በኡቡንቱ ላይ የመጣ የደህንነት አፕዴት አንድ የሲስተም አገልግሎትን አስነሣ፤ አገልግሎቱ ሲነሣ ኩባንያው ለራሱ የዘረጋቸውን የኔትወርክ መንገዶች ባዕድ መስለውት ጠረጋቸው። የሚያስተምረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኩባንያው አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቁም ብሎ ማሽኖቹን በተለያዩ አገሮችና በሦስት የተለያዩ አቅራቢዎች ቤት በትኗቸው ነበር። ሁሉም ግን ያንኑ ኡቡንቱ በያው ሰዓት ቀጠሮ ስለሚያዘምኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተያይዘው ወደቁ። ያሳጣቸው ገቢ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እንቁላሎቹ በተለያየ ቅርጫት ነበሩ፤ ቅርጫቶቹን የያዘው እጅ ግን አንድ ነበር።

ከዚያ ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በማይክሮሶፍት አዙር ላይ የነበሩ የኡቡንቱ 18.04 ሰርቨሮችም በተመሳሳይ አፕዴት ስም ወደ አድራሻ መተርጎም አቅቷቸው ተደናብረው ነበር። ሰዓቱን ይገምቱ። አዎ፣ ጠዋት 3።

ያውቁ ኖሯል? የኡቡንቱ የስሪት ቁጥር ቀን ነው። 22.04 ማለት እ.ኤ.አ. የ2022 አራተኛ ወር ነው። የረዥም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ስሪቶች አምስት ዓመት በነጻ ይጠገናሉ። የ20.04 አምስት ዓመት ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም አልቋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጊዜው ያለፈበት ማሽን አያለቅስም። አውቶማቲክ አፕዴቱ እንደበራ፣ በየቀኑ እየጠየቀ፣ በየቀኑ «አዲስ ነገር የለም» የሚል መልስ እያገኘ ይኖራል። ባለቤቱም ዜና የለም ማለት ሰላም ነው ብሎ ይተኛል።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ዓርብ ነበር፤ ሚካኤልም ጁምዓም የገጠሙበት ቀን። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1:09 ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ አንዲት ትንሽ ፋይል ለደንበኞቹ ሁሉ ላከ። ፋይሏ 21ኛ መረጃ እንዲነበብ ትጠይቃለች፤ ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም የያዘው 20 ብቻ ነው። የሌለውን ሊያነብ ሲሞክር ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ተዘረረ። ስሕተቱ ታውቆ ፋይሏ 2:27 ላይ ተመለሰች። በ78 ደቂቃ ውስጥ ግን፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን ማሽን ወድቆ ነበር። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፤ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ። ጥንቁቅ የነበሩት እንኳ አልዳኑም። «አዲስ ስሪት ሲወጣ እኛ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንቆይ» ብለው ያዘዙ ድርጅቶች ነበሩ፤ ትእዛዙ የሚሠራው ለፕሮግራሙ ስሪት እንጂ በየዕለቱ ለሚላኩ እንዲህ ላሉ ፋይሎች አልነበረም። ዋናውን በር ቆልፈው ተኙ፤ እንግዳው በጓሮ ገባ።

በእነዚያ 78 ደቂቃዎች ውስጥ ማን ዳነ? ማሽኑ ጠፍቶ የነበረ ሰው። «መብራት በሄደበት ቀን» ብለው ለሚያማርሩ የኮምቦልቻ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። የሚቀጥለውን ግን ዝም ብለው ሰሙኝ።

በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚያልፍ ሰው ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ባለ ሰባት ጫፍ ኮከብ ያለበት ኮንቴይነር አይቶ ያውቃል። የዴንማርኩ መርስክ ነው፣ ከዓለም ግዙፍ የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ይህ ኩባንያ በአንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ላይ ወደቀ። ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ቫይረስ የመጣው ኤም.ኢ.ዶክ በሚባል የዩክሬን የግብር ሒሳብ ፕሮግራም አፕዴት ተደብቆ ነበር። ሰዎቹ ያልታወቀ ኢሜይል አልከፈቱም፤ የማይታመን ነገር አላወረዱም። የታወቀው ፕሮግራም፣ በታወቀው መንገድ፣ እንደወትሮው ታደሰ። ያ ብቻ በቃ።

መርስክ የሠራተኞቹን የመግቢያ ስምና ፈቃድ የሚይዙ 150 ገደማ ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ነበሩት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተካው እርስ በርሳቸው ይገለባበጣሉ። ሁሉም አንድ ላይ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ጠፉ። ፍለጋው ቀጥሎ አንድ ብቻ በሕይወት ተገኘ፣ ጋና ቢሮ ውስጥ። ለምን ዳነ? ቫይረሱ ሲመጣ ጋና ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር።

ታሪኩ እዚያ አያልቅም። የጋናው መስመር ቀጭን ስለሆነ መረጃውን ወደ እንግሊዝ መላክ ቀናት ይፈጃል ተባለ። ዲስኩን በእጅ ያምጡት ቢባል የጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ በረረ፤ ኤርፖርት ውስጥ ለሌላ ባልደረባው አቀበለው፤ ያኛው ለንደን አደረሰው። የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ነፍስ በቅብብሎሽ በእጅ ቦርሳ ተጓዘች። ከዚያም በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተጫነ። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

ከዚህ «እንግዲያው አፕዴት ይቅርብኝ» ብለው ከተነሡ ግን ቆም ይበሉ።

ከኖትፔትያ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ተሰረዘ፤ አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ ዞረ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነበትን አፕዴት ያወጣው መቼ ነበር? መጋቢት 5። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን፤ እዚህ ላይ ውሻው ጅቡ ሊመጣ 59 ቀን ሲቀረው ጮኾ ነበር። አውቶማቲክ አፕዴት ያበራና ማሽኑን ያስነሣ ሰው ያን ዓርብ የሰማው በዜና ብቻ ነው።

ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያም በዚያው ዓመት የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ የተሰረቀበት መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ባለፈው ቀዳዳ በኩል ነው።

በእጅ ማዘመንስ? ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ነጋዴ በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ፕሮግራም ጫነ፤ ማለትም በሰባቱ ላይ። ስምንተኛው ተረሳ። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም ገበያው ሲከፈት የተረሳው ሰርቨር የድሮ ትእዛዝ አንሥቶ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰሩ። የሰው ልጅ ስምንት ቆጥሮ ሰባት ይሠራል፤ የኮምፒውተር ቀጠሮ አይረሳም።

የእኛውንም እናንሣ። ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ 7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዛመተ፤ በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ በኤቲኤም ደጃፍ ሌሊቱን ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተፈጠረው በሲስተሙ ላይ በተሠራ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ነው ሲል አስታወቀ። የንግድ ባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቤ ሳኖ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገሩ፤ ከሦስት አራተኛ የማያንሰው በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ያልመለሱትን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። ሶፍትዌር ተበላሽቶ የሰው ፎቶ የተለጠፈበት ሌላ አገር ካለ ይንገሩኝ።

ቀዳዳ ለሚደፍን አፕዴት የሚሰጠው «ፓች» የሚለው ቃል እራፊ ማለት ነው፤ ምሳሌ አይደለም፣ በጥሬው። ፕሮግራም በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ይጻፍ በነበረበት ዘመን የተሳሳተ ቀዳዳ የሚደፈነው ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላላት ኮምቦልቻ ይህን መተርጎም አያስፈልግም።

ያውቁ ኖሯል? የመጋቢት 2016 ዓ.ም ታላቅ አደጋ የተገኘው ግማሽ ሴኮንድ ስለዘገየ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሰርቨር ውስጥ በርቀት ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሴኮንድ ያህል የቆየበት መሰለው። ሌላ ሰው ቡናውን ይጠጣ ነበር። እሱ ግን ክሩን እየሳበ ሄዶ ኤክስዜድ በተባለ ትንሽ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። በሩን የቀበረው ሰው ለሁለት ዓመት ያህል በፈቃደኝነት እያገዘ አመኔታ ሲገነባ የቆየ ነበር። የተበከለው ስሪት የደረሰው አዲስ ነገር እንደወጣ ወደሚጭኑት የሊኑክስ ዓይነቶች ነው፤ ዝግተኞቹ፣ ማለትም የተረጋጋው ደቢያንና የረዥም ጊዜዎቹ ኡቡንቱዎች፣ አልተነኩም። ለዚህ ነው አውቶማቲኩ የደህንነት መስመሩን ብቻ እንዲከተል የምመክረው። ጥገናው ቶሎ ይምጣ፤ አዲስ ነገር ግን ሌሎች ቤት ይደር።

አሁን ወደ ቤታችን። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በሕወሓት ኃይሎች ሥር ቆይተው ኅዳር 27 በመንግሥት ኃይሎች ተያዙ። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሪፈራል ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማት ተዘርፈውና ተጎድተው ነበር። ሰው ወደ ቢሮው ተመልሶ ምን ቀረ ምን ሄደ ሲል፣ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 30፣ ሎግፎርጄ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ የነበረው ቀዳዳ ለዓለም ይፋ ሆነ። የክብደት ነጥቡ ከ10 አሥር ነበር። የተረፈ ሰርቨር ያለው ሰው በራሱ ቁስል ላይ ሳለ ዓለም ሁሉ በሌላ እሳት ይሯሯጥ ነበር። የሎግፎርጄ ተንኮሉ ሌላ ነው፦ አውቶማቲክ አፕዴት የሚጠግነው ራሱ የጫነውን ብቻ ነው። ቀዳዳው ደግሞ በጃቫ የተጻፉ የተገዙ ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖር ነበር። አፕዴቱ በየማለዳው ቤቱን ይጠርጋል፤ የተቆለፈውን ሣጥን ግን አይከፍትም።

ወራት ጠፍቶ የቆየ ማሽን ሲነሣ ሌላ ጣጣ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ትሞትና ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ሰርቨሩ አፕዴት ሊያወርድ ሲሞክር «ይህ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ እምቢ ይላል፤ ለእሱ አፕዴቱ ከወደፊት ዘመን የመጣ ነው። ይህንኑ ምልክት ባትሪው ደህና በሆነ ማሽን ላይ አይቻለሁ። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፦ ቀኑን ያስተካከለው ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስገብቶት ነበር። ሰርቨሩ ከዓለም ሰባት ዓመት ዘግይቶ ይኖራል፣ በሰላም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ሲቆይም፣ በሲም ካርድ ራውተር የሚሠሩ ማሽኖች የወራት አፕዴት ተጠራቀመባቸው። መስመሩ ሲመለስ ሁሉም በአንዴ ሊያወርዱ ተነሡ፤ መስመሩ የተመለሰላቸው ሰዎችም «ኔትወርኩ መጣ፣ ግን አይሠራም» አሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 300 ሜጋባይት የሆነ አፕዴት ለ40 ኮምፒውተሮች 12 ጊጋባይት ይሆናል። ቢሮው ውስጥ አንድ ማሽን አውርዶ ለሌሎቹ እንዲያካፍል ቢደረግ ከውጭ የሚገባው 300 ሜጋባይቱ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ለዚሁ ያዘጋጀው ደብሊውሰስ የሚባል ማከፋፈያ አለ። ማከፋፈያው ራሱ ግን በጥቅምት 2018 ዓ.ም አደገኛ ቀዳዳ ተገኝቶበት አስቸኳይ አፕዴት ወጣለት። ዘበኛውም ዘበኛ ይሻል።

መብራት በአፕዴት መሐል ቢሄድስ? በሊኑክስ በኩል ግማሹ የተዘረጋ ግማሹ የተጠቀለለ ሶፍትዌር ይቀራል፤ የጀመሩትን እንዲጨርስ የሚያዝ አንድ መስመር ትእዛዝ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ዊንዶውስ «ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ሲል ግን የምሩን ነው። አንድ መደብር ውስጥ ይህ ጽሑፍ ሃያ ደቂቃ ሲቆይ ባለቤቱ ትዕግሥት አልቆባቸው ከዲቫይደሩ ነቀሉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ፍላሽ ይዤ የሄድኩት እኔ ስለነበርኩ ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ገባሁ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ አልነበረም።

ፒችትሪ የሚለው የሒሳብ ፕሮግራም ስም ከገበያ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። በእኛ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን «ፒችትሪ የምትችል» አሁንም ትፈለጋለች። የ2010 ፒችትሪ በክራክ የጫነ ቤት አፕዴት የሚፈራው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ዊንዶውሱም ክራክ ስለሆነ አፕዴቱ ያጋልጠኛል ብሎ ነው። የማይታደስ ፕሮግራም በማይታደስ ሲስተም ላይ፣ ከኢንተርኔት ጋር እንደተያያዘ። ቢያንስ የሒሳቡን ማሽን ከኢንተርኔት ነቅለው በየማታው ኮፒውን በሌላ ዲስክ ያውጡት፤ ዲስኩም ሌላ ቤት ይደር።

ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም ተራ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም ያበቃል።

ያውቁ ኖሯል? በ2017 ዓ.ም ጥቅምት ማብቂያ ላይ በዓለም የተለያዩ ድርጅቶች ማታ ሰርቨር 2022 ትተው የሄዱትን ማሽን ጠዋት ሰርቨር 2025 ሆኖ አገኙት። ሙሉ የስሪት ለውጥ የደህንነት አፕዴት መስሎ ስለታየ፣ የአፕዴት ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች ጭነውት ነበር። ለአዲሱ ስሪት አዲስ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፤ ወደኋላ መመለስ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጠዋት ቢሮ ገብተው ጣሪያው ከፍ ብሎ ቢያገኙት፣ ኪራዩም አብሮ ከፍ ብሎ፣ ያ ነው።

የፒያሳው መደብር ባለቤት ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ነጠላውን አንሥተውታል። ወረቀቱን ግን ትተውታል፤ ከ«አይነካ!» ሥር በቢክ እስክሪብቶ «ከእሑድ ሌሊት በቀር» የሚል ተጨምሮበታል።

በመጨረሻ፣ ያውቁ ኖሯል? ማይክሮሶፍት አፕዴቶቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ የሚያወጣው ከ1996 ዓ.ም ጥቅምት ጀምሮ ነው። አሜሪካ ላይ ጠዋት ሲሆን እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። የደሴና የኮምቦልቻ የአይቲ ባለሙያ ጦሱን የሚያየው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ በጾም ቀን፣ ማኪያቶ እንኳ በሌለበት።